በቢሙ ላይ የተራመደው አንድ ቶን

የምጽፍላችሁ በእኔው ላይ የደረሰውን ነው። አላጋነንኩም። ማጋነን ሙያዬም ጠባዬም አይደለም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ከሩብ ነበር። ጠራራ ፀሐይ።

የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ። የአሮጌ ሕንፃዎችን ቢም እየመረመርኩ «ይቆማል» ወይም «ይፍረስ» ብዬ እፈርማለሁ። ባለቤቴም በዚሁ ሙያ ነበር። ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ስለ እርሱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ያን ቀን የምመረምረው ክፍል ምድር ላይ ነው። አንድ በር፣ የብረት ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮት። ከራሴ በላይ ስድስት ሜትር ርዝመት ያለው ቢም ተጋድሟል። የላይኛውን ወለል የተሸከመው እርሱ ነው። ግራና ቀኝ ጫፉን በሁለት ክሪክ ደግፈነዋል። እያንዳንዱ ክሪክ ስንት ቶን እንደተሸከመ የሚያሳይ ጌጅ አለው።

ግራው ስድስት። ቀኙ ስድስት። ድምሩ አሥራ ሁለት ቶን።

ከስሌቴ ጋር ልክ ነው።

አብረውኝ የነበሩት ፎርማኑ ብቻ ናቸው። ሠራተኞቹ «ጋሽ ውሃልክ» ይሏቸዋል፤ ጠማማ ግድግዳ ሲያዩ እንቅልፍ አይወስዳቸውም።

«ኢንጂነር፣ ምሳ የለም እንዴ? ቢሙ እንደሆነ ጥሎን አይሄድ!»

«የጌጆቹን ቁጥር ጽፌ እመጣለሁ፣ ጋሼ።»

በሩን ገርበብ አድርገው ወጡ። ነፋስ ዘጋው።

ከዚያ... በሩ ጮኸ።

እንጨት ሲጨመቅ የሚያሰማው ድምፅ ነው። እጀታውን ሳብኩ። አልነቃነቅ አለኝ።

«ጋሼ! በሩ ተያዘ!»

ከውጭ በትከሻቸው ገፉት። «ኧረ ምን ነካው? እንደ አዲስ ምራት አኮረፈ እኮ!»

ቀና አልኩ። ከግራው ክሪክ አጠገብ ቢሙ በጥቂቱ ወርዶ የበሩን መቃን ተጭኖታል። የፀጉር ያህል ነው። ለበር ግን ይበቃል።

ጌጆቹን አየሁ።

ግራው ስድስት ነጥብ ሁለት። ቀኙ ስድስት ነጥብ ስምንት።

ደመርኩ። አሥራ ሦስት።

ደግሜ ደመርኩ... አሥራ ሦስት።

«ጋሼ... ላይ ማን አለ?»

«ላይ? በምን ወጥቶ? ደረጃውን ሰኞ ዕለት አፈረስነው እኮ።»

«በመሰላልስ?»

«መሰላሉ ይኸው እዚህ ከጎኔ።»

ሁለት ሰዎች ሣንቃ ላይ ጆንያ ጭነው ግራና ቀኝ ሲሸከሙ፣ ጆንያው የቀረበው ሰው የበለጠ ይከብደዋል። እያንዳንዳቸው የያዙት ከታወቀ ጆንያው የት ላይ እንዳለ ይታወቃል። ሙያችን ከዚህ ብዙም አይርቅም።

አሰላሁ። ትርፉ አንድ ቶን ከግራው ጫፍ አራት ሜትር ከሰማንያ ላይ ነው። በቀኙ ግድግዳ በኩል።

እርሳሴን ሳላስቀምጥ የግራው መርፌ ተንቀሳቀሰ።

ስድስት ነጥብ ሦስት። ቀኙ ስድስት ነጥብ ሰባት።

አራት ሜትር ከሃያ።

ድምሩ ያው ነው። ቦታው ግን ተለወጠ።

የተቀመጠ ሸክም አይራመድም። ይሄኛው ተራመደ... ኮቴ ሳያሰማ፣ ወለሉ ሲጥ ሳይል።

ወደ በሩ ነው የሚመጣው። ወደ እኔ።

የፈራሁት ግን መሐሉን ነበር። ቢሙ መሐል ላይ ተሰንጥቋል። ቢምን አጉብጦ የሚሰብረውን ኃይል ሞመንት እንለዋለን። ያ ስንጥቅ ከዕለት ሸክሙ በላይ የሚችለው አንድ ቶን ሜትር (ቶኑ በርቀቱ ሲባዛ) ብቻ እንደሆነ ጠዋት አስልቼ ነበር። የግራውን ጭማሪ እስከ መሐሉ ባለው ሦስት ሜትር አባዛሁት።

ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ።

አንድ እርምጃ ቀርቶታል።

«ክሪኩን ትንሽ ያንሱት፣ ኢንጂነር! በሩ ይለቃል!»

«አይሆንም። አሁን አይነካም።»

«እንግዲያው መጥረቢያ ላምጣ!»

«እንዳይመቱት! ጋሼ... በሩን እንዳይመቱት።»

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ፤ «ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ምንም።»

ከስንጥቁ ነጭ ዱቄት ደብተሬ ላይ ወረደ። በእጄ ጠረግሁት። እንደገና ወረደ።

«ተመለስ» አልኩ በሹክሹክታ።

«እኔን ነው? ኧረ የትም አልሄድም!»

«እርስዎን አይደለም።»

«ማንን ነው ታዲያ?»

ላይ ያለውን «አንተ» ማለቴን ያስተዋልኩት ያን ጊዜ ነው።

መርፌው ቆመ። አንድ ትንፋሽ... ሁለት ትንፋሽ...

ከዚያ ስድስት ነጥብ አራት።

አባዛሁ። አንድ ነጥብ ሁለት። በወረቀት ላይ ቢሙ ተሰብሯል።

ተንበርክኬ ደብተሩን በራሴ ላይ ያዝኩ። አሥራ ሦስት ቶን በደብተር! ያስቃል። አልሳቅሁም።

አልወደቀም...

ዓይኔን ስገልጥ ግራው አምስት ያሳያል። ቀኙም አምስት። አራት... አራት። ሁለት... ሁለት።

ዜሮ። ዜሮ።

በሩ ሲጥ ብሎ በራሱ ተከፈተ።

ፎርማኑ ዘለው ገቡ። «እግዜር ይመስገን! በሉ ይውጡ፣ እኔ ዕቃዎን ይዤ እከተላለሁ።» ሜትሬንና ቦርሳዬን ሊሰበስቡ ወደ መሐል አለፉ።

ወደ በሩ ሄድኩ። አንድ እግሬን ደፉን አሻገርኩ። ከዚያ ዞሬ አየሁ።

በግራው ክሪክ ራስና በቢሙ መካከል የጣት ያህል ክፍተት አለ። በክፍተቱ የመስኮቱ ብርሃን ያልፋል። በቀኙም እንዲሁ። ያ ሁሉ ቶን ምንም ላይ አላረፈም።

ሁለተኛውን እግሬን አነሳሁ። ክፍተቱ ጠበበ። ቢሙ ወደ ታች መጣ...

እግሬን መለስኩ። ከፍ አለ።

እንደገና ሞከርኩ። ዝቅ... መለስኩ። ከፍ...

ፎርማኑ ቦርሳዬን በብብታቸው፣ ሜትሬን በእጃቸው ይዘው ከቢሙ መሐል ሥር ቆመዋል። ነጩ ዱቄት በቆባቸው ላይ ይወርዳል። ቀና ብለው አላዩም።

«ይውጡ እንጂ፣ ኢንጂነር» አሉኝ እየሳቁ፤ «ማንን ነው የሚጠብቁት?»