ጎረቤቴ ናት የምትጠይቀው

«ለእኔ አይደለም የምጠይቅሽ፤ ለአንዲት ጎረቤቴ ነው» አለ የእናቷ ድምፅ ከግድግዳው ወዲያ።

ልጅቷ ዓይኗን ሳትገልጥ ፈገግ አለች። በጠበቃዋ ቢሮ መጠበቂያ ክፍል፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ እያንቀላፋች ነው። ሙቀቱ ዝሆን ያስተኛል። የጣሪያው ማራገቢያ ከጥፋት ውሃ በፊት የተገጠመ ይመስል እየቃተተ ይዞራል፤ እሷም አብራው የምትዞር፣ ወንበሩም ቀስ ብሎ ከወለሉ የተነሣ መሰላት። የኮምፔንሳቶው ግድግዳ በዓለም ካሉት ሁሉ ቀጭኑ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሰው ሲያስብ እንኳ ይሰማል።

ወረፋቸው እስኪደርስ የወላጆች ጥያቄ ግድግዳውን እያለፈ ሕልሟ ውስጥ ሲገባ ነበር። «ጎረቤቴ ልጁን ከትምህርት አስቀርቶ ሱቅ ቢያስቀምጠው ይከሰሳል?» «የባልደረባዬ ልጅ ስልኳን ብትቆልፍ አባቷ የማስከፈት መብት አለው?» በዚህ ከተማ ለራሱ የሚጠይቅ ወላጅ ገና አልተወለደም። ጠበቃዋ ሳትስቅ «እንግዲህ ለጎረቤትዎ ይንገሩልኝ» ትላለች። ለዚህ ብቻ ሜዳሊያ ይገባታል።

አሁን ደግሞ የልጅነት ጓደኛዋን፣ የልጅቷን እናት፣ «ጎረቤትሽ ምን ሆነች?» አለቻት።

«ከባሏ ተለያይታለች። ልጇ አሥራ አራት ዓመቷ ነው። መጪውን ዓመት ከአባቷ ጋር መኖር ትፈልጋለች።»

«ልጅቷ ነገረቻት?»

«ደብተሯ ላይ አየችው።»

ወንበሩ ከደመና ላይ ዱብ አለ። ደብተሯ! ከሒሳብ መጽሐፉ ሥር የደበቀችው! ጆሮዋ ጋለ። እናቷን እንዳታስከፋ ብላ ነገሩን ሦስት ወር ሙሉ በሆዷ ይዛው ነበር።

«ማንበቧ ያስጠይቃታል?»

«ልጅም ምስጢር አለው፣ እህቴ። ፍርድ ቤት ባያደርሳትም ይቅርታ ትጠይቃት።»

«ልሂድ ብትላትስ… መከልከል ትችላለች?»

«ወላጆቹ ካልተስማሙ ዳኛ ለልጅቷ የሚበጀውን ያያል፤ በዚህ ዕድሜዋ የእሷም ሐሳብ ይሰማል። ለመሆኑ ጎረቤትሽ ልጇን ጠይቃታለች?»

«ፈርታ።»

«ምኑን?»

«መልሱን ነዋ።»

እናቷ ስትቆጣ ሦስት ሰፈር በሩን የሚዘጋላት ሴት ናት። እንዲህ ያለ ትንሽ ድምፅ ከጉሮሮዋ ሲወጣ ልጅቷ ሰምታ አታውቅም። ደብተሯ በመነበቡ ያደረባት ንዴት አልጠፋም፤ ግን ከጎኑ ሌላ ነገር መጥቶ ተቀመጠ።

ወዲያ ማዶ ወንበር ተንቋቋ። ልጅቷ ዓይኗን ጭፍን አደረገች። እንቅልፍ ደግ መደበቂያ ነው፤ ቤት እስኪደርሱ፣ ከተመቻትም ዓመቱ እስኪያልቅ ያቆያታል። በሩ ተከፈተ። የእናቷ እጅ ትከሻዋን ነካ።

«ተኛሽ እንዴ፣ የኔ እናት? ተነሽ፣ እንሂድ።»

ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ከጎኗ ካለው ወንበር ላይ ቦርሳዋን አንሥታ ጭኗ ላይ አደረገችው።

«አልተኛሁም፣ እማ» አለች። «እስቲ ቁጭ በይ። በአፌ ልንገርሽ።»