መዥገርና ይሉኝታ

ወይዘሮ ሰገነት ከጎጆው ደጃፍ ተነሥተው አንድ እርምጃ ተራመዱና ጭቃው ላይ ተዘረጉ።

«እማማ!» ኪሩ ቦርሳውን ወርውሮ ሮጠ።

«አትጩህብኝ፤ አልሞትኩም። እግሬ ነው እምቢ ያለኝ።»

ሴትዮዋ የኪሩ አማት ናቸው። ከአዲስ አበባ ካምፓላ የመጡት ልጃቸውን ሶሊን ሊያርሱ ነበር። ሶሊ ካምፓላ፣ ሙየንጋ ሰፈር ካለው ቤቷ ቀኗን እየጠበቀች ነው፤ ዛሬ ነገ እየተባለላት። ታዲያ እኚህ ሴትዮ አርፈው ይቀመጣሉ? «ልጄን የወሰደው ሰው መሬት ያዝኩ የሚለው እውነት ይሁን ውሸት በዓይኔ ሳላይ የልጅ ልጄን አልታቀፍም» ብለው ድርቅ አሉ። ኪሩ የአየር መንገድ ሠራተኛ ነው፤ ከካምፓላ በስተሰሜን፣ ናካሶንጎላ በሚሉት የከብት አገር፣ በሬ ሊያደልብ መሬት ተከራይቷል። ደርሰን እንመለሳለን ብለው በፒካፕ ሄዱ። የሄዱ ዕለት ዝናቡ ወረደና ድልድዩን ጠርጎ ወሰደው። ጠባቂው ሉቅማን «ምግብ ላምጣ» ብሎ በታንኳ ተሻገረ፤ እንደተሻገረም ቀረ። ስልክ አይሠራም። ሁለቱ ብቻ ፖሾ የሚሉትን የበቆሎ ገንፎ እያገነፉ፣ ሰማይ ሰማይ እያዩ ሳምንት ከረሙ።

እዚያ አገር ሣሩ ወገብ ይደርሳል። ከሣሩ ጫፍ ላይ ደግሞ መዥገር እግሩን ዘርግቶ አላፊ አግዳሚውን ይጠብቃል። ኪሩ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። የሱሪውን ጫፍ ካልሲው ውስጥ ይከታል፣ ልብሱ ላይ መድኃኒት ይረጫል፣ ሲመሽ ከጎጆው ጀርባ ሄዶ ብብቱን፣ ብሽሽቱን፣ የጉልበቱን እጥፋት ይዳብሳል። የተጣበቀበትን ሁሉ በወረንጦ ከቆዳው ሥር ይዞ ቀጥ አድርጎ ይነቅላል። አማቱስ? የሚረጨውን ሲሰጣቸው «ሽታው ያዞረኛል» አሉ። «ታዲያ ይፈተሹ እንጂ፣ እማማ» ሲላቸው ደግሞ «የራሴን ገላ እኔ አውቃለሁ!» ብለው ሻሻቸውን ጠበቅ አደረጉ። በቃ፣ አቀርቅሮ ወጣ። ሰው አማቱን «ሻሽዎን ይፍቱና ልይልዎ» ይላል እንዴ? ይሉኝታ የሚሉት ነገር ስንቱን ሰው በልቷል እቴ!

ዱቄቱ አልቋል። ስለዚህ ያን ጠዋት ረግረጉን ተሻግረው ዋናውን መንገድ ለመያዝ ተነሡ። ኪሩ የወደቁት በረሃብ መስሎት ምርኩዝ ቆረጠላቸው። ጥቂት እንደሄዱ ግራ እግራቸው ታጠፈ፤ ትንሽ ቆይቶ ቀኙም ተከተለ።

«ይታዘሉ» አለና ፊታቸው ቁጢጥ አለ።

«እኔ? በአማቼ ጀርባ? ምን ቆርጦኝ!»

«እማማ፣ ሶሊ እየጠበቀችን ነው።»

የልጃቸውን ስም ሲሰሙ ምርኩዙን ጣሉ። ኪሩ ስልኩን በፌስታል ቋጥሮ፣ እሳቸውን በነጠላቸው እንደ ሕፃን አዝሎ ወደ ረግረጉ ወረደ።

ውኃው መጀመሪያ ጉልበቱን፣ ቀጥሎ ወገቡን፣ ከዚያ ደረቱን ያዘው። ደንገሉ ፊቱን ይገርፈዋል፤ ጭቃው ጫማውን ይስባል። መሐል ሲደርስ ከፊት ለፊቱ ውኃው ተገለበጠና ጉማሬ አፍንጫውን አውጥቶ አናፋ። ኪሩ ደርቆ ቀረ። መሮጥ የለ፣ መመለስ የለ። አውሬው አያቸው። ዝናቡ እንደገና ጀመረ። ሴትዮዋ ከጀርባው ላይ መንሸራተት ያዙ።

«ያዙኝ፣ እማማ!» አለ በሹክሹክታ።

«ይዤሃለሁ እኮ!»

አልያዙትም። ሁለት እጃቸው በትከሻው ላይ ተንጠልጥሎ ውኃው ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። እሳቸው ግን የያዙት ይመስላቸዋል። ያኔ የኪሩ ወሽመጥ ተቆረጠ። ረሃብ እንዲህ አያደርግም።

ጉማሬው ምን እንደታየው እንጃ፣ ጠለቀና ሄደ። ኪሩ እየተንፏቀቀ ማዶ ወጣ። ከዳርቻው ላይ ሰዎች ከሰል በጭነት መኪና ይጭናሉ። ሲያዩት ከመካከላቸው ሁለቱ ሊረዱት ሮጡ። ቀረብ ሲሉ ግን የአሮጊቷ አንገት ተልፈስፍሶ፣ ምራቃቸው በአገጫቸው ሲወርድ አዩ።

«ኢቦላ!» አለ አንዱ። ሁሉም ወደ ኋላ አፈገፈጉ፤ ገጀራም ተነሣ።

«ሴቦ፣ ጌታዬ፣ በእግዚአብሔር ይሁንብህ! ትኩሳት የላቸውም፣ ና ንካቸው!» ኪሩ በእንግሊዝኛም፣ በሚያውቃት ጥቂት ሉጋንዳም ለመነ፤ በጉልበቱም ወደቀ።

«እኛም ልጆች አሉን» አለ ሾፌሩ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የውኃ ጠርሙስ በሩቁ ወረወረለት። ከዚያ ሞተሩን አስነሥቶ ሰዎቹን ጭኖ ሄደ።

ኪሩ አማቱን ተሸክሞ መንገዱ ዳር ያለውን የድንጋይ ኮረብታ ወጣ። ጉልበቱ ደማ። ከአናቱ ላይ ኔትወርክ አገኘ፤ የስልኩ ባትሪ ግን ሊያልቅ ነው። ለቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ለዶክተር ተስፋጽዮን ደወለና ያሉበትን ቦታና የሆነውን ሁሉ አፈሰሰለት።

«ትኩሳት አላቸው?»

«የላቸውም።»

«ድካሙ ከእግር ጀምሮ ነው ወደ ላይ የወጣው?»

«አዎ። አሁን ምላሳቸውም ተሳስሯል። ሳምንት ሙሉ ከብት ማደሪያ ነው የከረምነው።»

«ስማኝ፣ ኪሩ። ምራቁ ሽባ የሚያደርግ መዥገር አለ። ካልተነቀለ እስትንፋሳቸውን ይወስደዋል። ሰውነታቸውን ሁሉ ፈትሽ፤ መጀመሪያ ፀጉራቸውን። አሁኑኑ! እኔ መኪና ይዤ—»

ስልኩ ጠፋ።

ኪሩ እጁን ወደ ሻሹ ዘረጋና መለሰ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ሰው እየሞተ እንኳ ያፍራል! ወይዘሮ ሰገነት ሊናገሩ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ድምፅ አልወጣም። እንባ ብቻ ወደ ጆሯቸው ወረደ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ እማማ» አለና ፈታው።

ሽበታም ፀጉራቸው ጥብቅ ተደርጎ ተሠርቷል። ከጆሯቸው ኋላ ዳበሰ፤ የለም። ግንባራቸው ላይ የለም። ጉንጉኑን አንድ በአንድ እየፈታ፣ ጣቱን እንደ ማበጠሪያ እያስገባ ወረደ። ማጅራታቸው ላይ፣ ከጉንጉኑ ሥር፣ የራሰ ሽምብራ የመሰለ ነገር ነካ። ግራጫ ነው፤ ደም ጠጥቶ ተነፍቷል። ወረንጦውን ከኪሱ አወጣ። አልጨፈለቀውም፣ አላዞረውም። ራሱን ከቆዳው ሥር ይዞ ቀስ ብሎ ቀጥ አድርጎ ሳበ። መዥገሩ እግሩን እያወራጨ ወጣ፤ ለዶክተሩ ብሎ ኮረብታውን ሲወጣ ጠጥቶ በጨረሰው የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ዘጋበት። ሌላ እንዳለ ብሎ ገላቸውን ሁሉ በየእጥፋቱ ፈተሸ፤ ጀርባቸው ብቻ ቀረው፣ ብቻውን ሊያገላብጣቸው ፈራ።

ከዚያስ? ከዚያማ ምንም የለም! አልተነሡም፣ አልተናገሩም። እስትንፋሳቸው እያጠረ ሄደ። ኪሩ ራሳቸውን በጭኑ ላይ አስደግፎ፣ ምላሳቸው ጉሮሯቸውን እንዳይዘጋ አገጫቸውን ይዞ ተቀመጠ። ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም። ዶክተሩ ቦታውን በደንብ ሰምቶ ይሆን? «አምላኬ፣ ለሶሊ ምን ብዬ እነግራታለሁ? እናትሽን አፍሬ ገደልኳት ልበላት?» ብሎ ጮኸ። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣች፤ ወደ ምዕራብም አዘነበለች። እሱ አንዲት እስትንፋስ ሲሰማ የሚቀጥለውን ይጠብቃል፤ እሱን ሲሰማ ደግሞ ሌላውን።

ጥላው ሲረዝም የአሮጊቷ አውራ ጣት መዳፉ ውስጥ ነቅነቅ አለ። ኪሩ የራሱ እጅ የተንቀጠቀጠ መስሎት ነበር። አውራ ጣታቸው ደገመው።

«ጠ…ማኝ» አሉ።

ኪሩ የሚጠጣ ነገር የለውም፤ ጠርሙሱን መዥገሩ ይዞታል። ከድንጋይ ስንጥቅ የዝናብ ውኃ በእፍኙ ቀድቶ አመጣላቸው። ጠብታ በጠብታ ዋጡት። ዶክተር ተስፋጽዮን የመኪናውን ጥሩምባ እየነፋ ሲደርስ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ያነሡ ነበር።

ምሽት ላይ ካምፓላ ገቡ። ሶሊ ሆዷን ደግፋ ሆስፒታሉ በር ላይ ትጠብቃለች። እናቷ ከመኪናው ወርደው ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሲቀመጡ ስታይ እያለቀሰች እጇን ዘርግታ መጣች።

«እዚያው ቁሚ!» አሏት ወይዘሮ ሰገነት፤ ድምፃቸው ሰለል ብሏል እንጂ ቁጣው ያው ነው። «ያን ሆድ ይዘሽ እንዳትነኪኝ! ልብሳችን ተራግፎ፣ ገላችን ተፈትሾ ነው የምትስሚኝ። ኪሩ!»

«አቤት፣ እማማ።»

«ሸሚዝህን አውልቅ። ዙር፣ ጀርባህን ልይ።»

ዘበኛው ያያል፤ የቦዳ ነጂዎች ሞተራቸው ላይ እንደተቀመጡ ያያሉ። ኪሩ ሸሚዙን አወለቀ። ከወንበሩ ፊት ተንበርክኮ ጀርባውን ሰጣቸው። የደከመ ጣታቸው ከትከሻው ጀምሮ ቀስ እያለ ሲወርድ፣ ቀኑን ሙሉ የያዘው ለቅሶ ገነፈለበት፤ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ።

ጣታቸው ከትከሻው አጥንት ሥር ሲደርስ ቆመ።

«አትንቀሳቀስ» አሉት። «አንድ አለብህ፤ ወረንጦውን ወዲህ በል።»