ሦስት ወር የሚለው ወረቀት

«ሐሴት! ውጪ ከዚያ ሜዳ!»

ሐሴት ድምፁን ስትሰማ ደሟ ፈላ። እናቷ ወይዘሮ ፈለቀች፣ ሲኤምሲ ሰፈር ካለው ትምህርት ቤት ሜዳ ዳር ወረቀት ይዛ ቆማለች። የሴቶቹ እግር ኳስ ቡድን በሙሉ ልምምዱን አቆመ። ለፍጻሜው ጨዋታ የቀረው ሦስት ቀን ነው።

ሐሴት እያለከለከች ደረሰች። «እማዬ፣ በናትሽ አታዋርጂኝ!»

«እኔ ነኝ ያዋረድኩሽ? ሦስት ሳምንት እረፊ ተባልኩ አላልሽኝም? ሐኪሟ የጻፈችው ሦስት ወር ነው!»

ሐሴት ክው አለች። ከወር በፊት ጉንፋን የመሰላቸው ቫይረስ የልቧን ጡንቻ አስቆጥቶት ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ስትወጣ ሐኪሟ በአማርኛ የጻፈችላቸውን ወረቀት ለእናቷ ያነበበችው ራሷ ሐሴት ናት። የቤቱን ወረቀት ሁሉ የምታነበው እሷ ነበረች። እናቷ የማታ ትምህርት ከጀመረች ገና አምስት ወሯ ነው፤ ወረቀቱን ራሷ ታነበዋለች ብሎ ማን አሰበ?

አሰልጣኝ ሱሌማን መጣ። «ምነው እናቴ፣ ምን ተፈጠረ?»

ፈለቀች ጣቷን ወረቀቱ ላይ አሳርፋ ማንበብ ጀመረች። «የል...ብ ም...ር...መ...ራ ሳይ... ሳይደ...»

«ኧረ ኔትወርኩ ተቆራረጠ!» አለች የቡድን ጓደኛዋ ሳምራዊት ከኋላ። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

የሐሴት ጆሮ ጋለ። እናቷ መምጣቷ አናደዳት። ሳቁ የባሰ አናደዳት። ከሁሉም በላይ ያናደዳት ግን የገዛ ደረቷ ነው፤ ዛሬ ጠዋት ሁለተኛ ፎቅ እስክትወጣ ትንፋሽ አጥሯት ሁለቴ ቆማ ነበር። ለማንም አልተናገረችም።

«ሐኪም ፈቅዶልኛል ብለሽኝ ነበር» አላት ሱሌማን ፊቱን አጥቁሮ። «እሳቸው የሚያነቡት ትክክል ነው?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃታል፦ «እማዬ እኮ ማንበብ አትችልም።» ሁሉም ያምናታል። ቅዳሜ ፍጻሜውን ትጫወታለች። ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደረሰ።

እናቷ ቀና አላለችም። ግንባሯን አልቧት፣ የጀመረችው ቃል እንዳያመልጣት በጣቷ ይዛዋለች።

«ሳምሪ፣ አፍሽን ዝጊ!» ሐሴት ጮኸች። ወደ አሰልጣኙ ዞረች። «ትክክል ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ።»

ንዴቷ አልበረደም። ሣሩ ላይ ዘፍ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ መፍታት ጀመረች።

«ቀጥይ እማዬ» አለች ቀና ሳትል። «ጮክ ብለሽ። እስከ መጨረሻው።»