ባዶውን የተመለሰ አልጋ

ጥሪው የመጣው እንደ ልማዱ በወረዳው ቢሮ በኩል ነበር፤ ምጥ የያዛት እናት አለች፣ ከዋርካው ዝቅ ብላችሁ ጠይቁ የሚል። ሲስተር ዘውድነሽ በዚህ አገር ስንት ዋርካ እንዳለ ማማረር ከተወች ቆይታለች። አምቡላንሷን ለማስመጣት ዓመታት ደጅ ጠንታለች፤ ከመጣች ወዲህ ደግሞ አንድ ቀን ነዳጅ የለም፣ አንድ ቀን የስብሰባ እንግዳ ታመላልሳለች። ዘውድነሽ የፈለገችው እናት መንገድ ላይ እንዳትሞት ብቻ ነበር።

ዋርካው ዘንድ ሲደርሱ ሰዉ ከቀብር እየተመለሰ ነበር። ደብሪቱ የምትባለው ሴት ሳትገላገል፣ ልጇን በሆዷ እንደያዘች ጠዋት አርፋለች። ለካ የተደወለው ትናንት ነው፤ መልእክቱ ቢሮ አድሮ ነው የተላለፈላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው። 

አንድ ሽማግሌ በነጠላ የተጠቀለለ ድንጋይ ታቅፈው መጡ። እዚያ አገር ለበሽተኛ የወጣ ቃሬዛ ባዶውን አይመለስም፤ ድንጋይ ይጫንበታል፣ አለበለዚያ የወጣላት ሟች ትሳፈርበታለች ይላሉ።

«ልጄ፣ ይቺን አስተኚበት» አሏት።

«አባባ፣ ይኼ አልጋ የሰው ነው።»

«እኛስ ምን አልን?»

የኋላውን በር ዘግታ ጋቢና ገባች። ይህን ሁሉ ዓመት ለፍታ በመጨረሻ ድንጋይ ልታመላልስ ነው?

ዳገቱ ላይ ጉም ወረደባቸው፤ ቀን ቢሆንም መብራት ሳያበሩ መሄድ አልተቻለም። ሾፌሩ ጋሽ ሸዋረጋ ማርሹን ደጋግሞ ቀነሰ፣ መኪናዋ ግን ጤፍ እንደጫነች እያቃሰተች ነበር የምትወጣው። ከኋላ፣ መስታወቱ በቀለም ከተሸፈነው ጨለማ ክፍል፣ እርጥብ አፈርና ዘውድነሽ በሥራዋ አሳምራ የምታውቀው የሽርት ውኃ ሽታ መጣ። ጋቢናውን ከኋላው ክፍል በምታገናኘው ትንሽ መስኮት አየች። ተፈትቶ የነበረው የአልጋው ቀበቶ ታስሯል። ማን ነካው ብላ ተናደደች፤ መናደዱ ከመፍራቱ ይቀላል።

ጉብታው ላይ ኔትወርክ ሲመጣ ስልኳ ጮኸ። ትርፌ የምትባል ነፍሰ ጡር እየደማች ነው፤ ሰዎቿ ተሸክመው መንገድ ዳር አውጥተዋታል። ዘውድነሽ ሆስፒታሉ ቀዶ ጥገናውን እንዲያዘጋጅ ደውላ ነገረች፤ ለወጉም ቢሆን ተዘጋጅተናል አሏት። የዛሬዋን እንኳ አታጣትም።

ትርፌን ደግፈው ሲያስገቧት በሩ ላይ ቆመች።

«ሲስተር፣ እዚህማ ሰው ተኝቷል» አለች በዝግታ።

ደም ሲያልቅ ሰው ይቀባዥራል። ዘውድነሽ ለመነቻት፣ ተቆጣቻት፤ ሴትዮዋ ግን አልጋው ላይ ከምወጣ እዚሁ ልሙት አለች። ጊዜው እየሄደ ስለሆነ ጎን ያለው አግዳሚ ላይ አስቀምጣ፣ እጇን ይዛ አጠገቧ ተቀመጠች። መንገዱን ሙሉ ትርፌ ባቃሰተች ቁጥር፣ ጥቂት ዘግይቶ ሌላ ማቃሰት ይከተል ነበር። ዘውድነሽ ወደ አልጋው አላየችም።

ሆስፒታሉ ለመጀመሪያ ጊዜ እንዳለመችው ሆኖ ጠበቃት። መኪናዋ ከመቆሟ የሆስፒታሉ ሰዎች በሩን ከፍተው፣ አልጋውን ስበው አወረዱና፣ «አይዞሽ እህቴ፣ እንዳትገፊ» እያሉ እየሮጡ ገቡ። የቀዶ ጥገናው ክፍል በር ከኋላቸው ተዘጋ። ዘውድነሽ ከአግዳሚው ላይ ሆና ጮኸች፣ ተጣራች። የትርፌ እጅ በእጇ ውስጥ እየቀዘቀዘ ነው።

አንዲት ነርስ በሩን ገርበብ አድርጋ ብቅ አለች፤ ጓንቷ ደም ነክቶታል።

«ትንሽ ታገሱን ሲስተር፣ ያለን አንድ ክፍል ነው» አለች። «የቀደመችዋ ልትገላገል ነው።»