ዕፀ ዕረፍትና የአንድ ጆሮ መሐላ

ጨረቃ በጠራራ ፀሐይ ቀልታ በሰንደራይ ሰማይ ላይ በታየች ዕለት ንጉሥ ጎሬም ነጋሪት አስጎስሞ አዋጅ አስነገረ። «ጦርነት ወታደሮቼን በላብኝ! ሴት ሁሉ ትውለድልኝ! ዕፀ ዕረፍት ከነሥሩ ይነቀል፤ ደብቃ ያበቀለች እጇ ይቆረጥ!» አለ። አምጦ የማያውቅ ሰው ማዘዝ መቼ ይቸግረዋል!

ዕፀ ዕረፍት የሰንደራይ ሴቶች ፍሬውን አዋላጅ ለክታ ስትፈጭላቸው እየጠጡ ከመውለድ የሚያርፉበት ተክል ነበር። በሦስት ወር ውስጥ ከሰባቱም አውራጃዎች ጠፋ። ሴቶቹ ከዚያ በኋላ ያልሞከሩት የለም። የግራር ሙጫ በማር ለውሰው፣ በሱፍ ነክረው ከማህፀናቸው አፍ አኖሩ፤ ጡት ማጥባቱን እስከ አራት ዓመት ጎተቱት፤ ቀን ቆጠሩ። የአዞ ኩስ ይበጃል ያለችም ነበረች፤ እሱን ደግሞ ከአዞው ማን ይለምነው! አንዳንዷን ረዳት፤ አብዛኛዋን ግን ጉድ አደረጋት።

ወርዛ ዘጠኝ ወልዳለች። በዘጠነኛው ሦስት ቀን ደም ፈሷት ከሞት አፋፍ ነው የተመለሰችው። አሮጊቷ አዋላጅ እማ ቀጸላም «ልጄ፣ አሥረኛው ይቀብርሻል» ብላ እቅጩን ነግራታለች። ባሏ ከዘመቻ ሊመለስ የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው። በአዲሱ አዋጅ ደግሞ ከተመላሽ ወታደር መኝታ የለየች ሚስት በአደባባይ ትሰቀላለች።

ታናሽ እህቷ ናሬት ይህን ሰማች። እናታቸው ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ወርዛ ናት። «በእናቴ መቃብር እምላለሁ!» አለች። «የመጨረሻው ዕፅ በዳሞር ገደል አናት ላይ አለ ይባላል። ፍሬውን ሳልይዝ ብመለስ ምድር አትሸከመኝ!»

እማ ቀጸላ ሳቀች። «አንቺ? አይጥ አይታ አልጋ ላይ የምትወጣዋ?» ከዚያ በትሯን አነሳች። «በይ ተነሺ፤ አብሬሽ ነኝ።»

በሰባተኛው ቀን ከገደሉ ሥር ደረሱ። ቀትር ነበር፤ ጉሙ ግን የገዛ እጅን አያሳይም። የቦታው ጌታ ዳሞር ዓይን የሌለው አውሬ ነው፤ የሚያድነው የልብ ትርታ እያዳመጠ ነው። የፈራ ልብ ደግሞ ይደልቃል። ናሬት ደረቷን በሁለት እጇ ብትጫን፣ ትንፋሿን ብትውጥ፣ ልቧ አልታዘዝ አላት። ከጉሙ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር እየተጎተተ ቀረበ። ቆም አለ። ሲያሸት ሳይሆን ሲያዳምጥ ተሰማት።

እማ ቀጸላ አፏን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። «ስሚ ልጄ። ፍሬው ሲያንስ ከንቱ ነው፤ ሲበዛ ይገድላል። ልኩ ከአንድ አፍ ወደ አንድ ጆሮ ብቻ ይተላለፋል፤ የአዋላጆችን መሐላ መቼም ታውቂዋለሽ። ሁለተኛ ሰው ከሰማው የተናጋሪዋ እስትንፋስ ይቆረጣል።» ከዚያም ልኩን ሹክ አለቻት።

«እማማ፣ ለምን አሁን ነገርሽኝ?» አለች ናሬት።

አሮጊቷ ደረቷን በጡጫ እየደለቀች ወደ ጉሙ ሮጠች። «ና አንተ ዕውር! እዚህ ነኝ!»

ናሬት ጩኸቱን ላለመስማት ጥርሷን ነክሳ ገደሉን ወጣች፤ ፍሬውን በነጠላዋ ቋጠረች። ስትወርድ ከበትሩ በቀር የተረፈ ነገር አልነበረም። እንደ ሕፃን አለቀሰች።

ከከተማው በር ስትደርስ የገበያ ቀን ነበር። ወርዛ ሕፃኗን አዝላ ከሴቶቹ መሃል ትጠብቃታለች። የተመላሹ ሠራዊት መለከት ከኮረብታው ማዶ ይሰማል። የበሩ አለቃ ቋጠሮውን ሲያይ «ያዟት!» ብሎ ጮኸ።

ናሬት ነጠላዋን ፈትታ ፍሬውን ወደ ሴቶቹ በተነችው። ተሻምተው ጉያቸው ከተቱት። ግን ልኩን ሳያውቁ ምን ሊያደርጉት? ወታደሮቹ ሁለት ክንዷን ይዘዋል፤ ወርዛ ሠላሳ እርምጃ ርቃለች፤ ማንሾካሾክ አይቻልም። ናሬት ፈራች። ኧረ እንዴት አትፈራ! ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ አልተዳረችም፤ ልጅ ደግሞ ነፍሷ ነበር።

«እህቶቼ፣ ስሙኝ!» አለች።

መሐላውን በሰንደራይ የማያውቅ የለምና ወርዛ ነገሩ ገባት። «ዝም በይ! ናሬት፣ በሞቴ ዝም በይ!»

«ሦስት ፍሬ!» አለች ናሬት፤ ከንፈሯ ነጣ። «ጨረቃ በወጣች ማግስት!» ጉልበቷ ከዳት። ወታደሮቹ ደንግጠው ለቀቋት። አፈሩ ላይ ተንበርክካ፣ ያልቀራትን ትንፋሽ እየፈለገች «ከአራት... ከአራት አይለፍ» አለች። ከዚያ ወዲያ አልተናገረችም።

አለቃው «ማናችሁ ናችሁ የሰማችሁ?» ብሎ አፈጠጠ። ሁለት መቶ ሴት ዓይን ዓይኑን እያየ ዝም አለው። የሁለት መቶ ሴት ምላስ አይቆረጥ ነገር! ሁሉም ያወቀው ምሥጢር አይደለምና መሐላው ከናሬት ጋር አበቃ፤ በክረምቱም ሴቶቹ ከተሻሙት ፍሬ የዘሩት ዕፀ ዕረፍት በየጓሮው፣ ከጎመኑ መሃል በቀለ።

ወርዛ አሥረኛ አልወለደችም። ፀጉሯ እስኪሸብት ኖራ አምስት ሴቶች ልጆቿን ዳረች። ከየሠርጉ በፊት ሙሽራዋን አጠገቧ አስቀምጣ መጀመሪያ ልኩን ታስደግማታለች። ልጅቱ ሳትሳሳት ከደገመችላት በኋላ ስለ አክስቷ ትነግራትና ድምፅዋን አውጥታ ታለቅሳለች።