የጣት አሻራው ዋጋ

ሙሉዓለም ሞቶ የተገኘው ኅዳር አሥራ ሁለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ንፋስ መውጫ ገበያ ጀርባ ባለው መሥሪያ ቤቱ፣ ጭንቅላቱ ተፈንክቶ በብረት ጠረጴዛው እግር ሥር ተዘርግቶ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ለገበሬዎች ብሎ የነደፈው አዲስ ታብሌት ተቀምጧል። ጎረቤቱ ልብስ ሰፊ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጩኸትና የከባድ ነገር መውደቅ ሰምቷል።

በማግስቱ የምስር ገበሬው አወቀ በካቴና ታስሮ ነበር። ታብሌቱን ሊገዛ ያሰበው የገበሬዎች ማኅበር ተወካይ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ደብረ ታቦር ይወሰዳል ተባለ። ሚስቱ ብርቱካን በጠዋት ከአርብ ገበያ ከተማ ደርሳ፣ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ኢንስፔክተር የኔነሽ እግር ላይ ወደቀች።

«ልጄ፣ መኪናው ሳይነሣ አንድ ነገር በይ! እዚያ ከገባ መቼ ይወጣል? አምስት ልጅ ይዤ የት እደርሳለሁ?»

«ይነሡ እናቴ።» የኔነሽ ሰዓቷን አየች። አራት ሰዓት ሆኗል።

መጀመሪያ ያነጋገረችው የሥራውን ወጪ የሚሸፍነውን ይግዛውን ነው። ዓይኑ አብጧል።

«አወቀና ሟች በምን ተጣሉ?»

«በዋጋ ነዋ! ዐሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ስንለው ‹ይኼን ለከተሜ ሽጡት› ብሎ ጠረጴዛ ደበደበ። ስምንት ሰዓት ላይ ነው፤ ሁላችንም ነበርን።»

«ዋጋውን ምን አስወደደው?»

«የጣት አሻራ መክፈቻው። የይለፍ ቃል መጻፍ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ሦስት ሺህ ፍሬ አስመጥቻለሁ።» ወደ እሷ ጠጋ አለ። «ለፖሊሶቹም ነግሬያቸዋለሁ፤ የታብሌቱን መዝገብ ይዩት። ዘጠኝ ከዐሥር ላይ በጣት ተከፍቷል። የተመዘገበው የሁለት ሰው ጣት ነው፤ የሙሉዓለምና የአወቀ። ሙሉዓለም ወድቋል። ማን ቀረ?»

«ዘጠኝ ከዐሥራ ሁለት ላይ ደግሞ ከዚያው ታብሌት ለአምራቹ ትእዛዝ ተልኳል» አለች የኔነሽ። «‹መክፈቻው ይግባ፣ በዐሥራ አራት ሺህ አምስት መቶ ይሠራ› ይላል። ውድ ነው ብሎ የተጣላ ሰው ውዱን ያዛል?»

«ገበሬ አይደል? ሲነካካ ልኮት ይሆናል።»

ቀጥላ ፕሮግራሙን የጻፈችውን ሰርካለምን ጠራቻት።

«መዝገቡ የማን ጣት እንደሆነ ለምን አይጽፍም?»

«ለዚያ ሌላ ዕቃ መግጠም ነበረብን። ለዋጋው ስንል ተውነው።»

«ሙሉዓለም ምን ወስኖ ነበር?»

«አሻራው ወጥቶ የፀሐይ ኃይል መሙያ እንዲገባ። ዋጋው ወደ ዘጠኝ ሺህ ስምንት መቶ ይወርዳል። ባለፈው ሳምንት እኔና እሱ ታች ጋይንት ወርደን ማሳ ላይ ሞክረነው ነበር። ይግዛው አዲስ አበባ ነበር፤ የመጣውም ትናንት ነው።»

«ሙከራው እንዴት ሆነ?»

ሰርካለም ነገረቻት። የኔነሽ ማስታወሻዋን ዘጋች።

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ የት ነበርሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን። ምስክር የለኝም።»

ሰባት ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰቡ። አወቀ ካቴናው እንዳለ ገባ። የኔነሽ ታብሌቱን አቀረበችለት።

«ጋሽ አወቀ፣ ያስመዘገቡትን ጣት ያሳርፉ።»

አልከፈተም። አምስት ጊዜ ሞከረ።

«ደግሞ ምን አጠፋሁ?» አለ ደንግጦ።

«ምንም። እጅዎን ያሳዩዋቸው።»

የጣቶቹ ጫፍ ተልጦ እንደ ወንዝ ድንጋይ ልሟል።

«በዚህ አገር ምስር በእጅ ይነቀላል» አለች። «ጋሽ አወቀ በሐምሌ ሲመዘገቡ እጃቸው ደህና ነበር። አሁን ሦስት ሳምንት ነቅለዋል። ማሳ ላይ በተደረገው ሙከራ ይህ ዕቃ ከሃያ ገበሬ የዐሥራ ሰባቱን ጣት አልቀበልም ብሏል። ስለዚህ ትናንት የከፈተው የሳቸው ጣት አይደለም። የቀረው የሙሉዓለም ጣት ነው፤ ሌላ ሰው ይዞ አስነክቶታል።»

«ሰርካለም!» አለ ይግዛው። «ዕቃውን የምታውቀው እሷ ናት!»

«ስለምታውቀው ነው እሷ ያልሆነችው። ምስር የሚነቅል ሰው ጣት እንደማይሠራ በዓይኗ አይታለች፤ በዚያ አወቀን ልትወነጅለው አትሞክርም። ይሠራል ብሎ የሚያምነው ሙከራው ላይ ያልነበረው ሰው ብቻ ነው። መዝገቡን እዩ ያልከን አንተ ነህ። የተላከው ትእዛዝም ሦስት ሺውን ዕቃህን ያተርፍልሃል።»

ይግዛው ግድግዳውን ተደገፈ።

«ቤቴን ሸጬ ነው ያስመጣሁት... ‹መክፈቻው ይውጣ› ሲለኝ ገፋሁት። ምክንያቱን ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። አላስጨረስኩትም።»

ካቴናው ከአወቀ እጅ ወጥቶ ይግዛው እጅ ገባ። ያን ጊዜ ሰርካለም ድንገት አፏን በእጇ ያዘች።

«ኢንስፔክተር... ያ መክፈቻ የደም ዝውውር ካላገኘ አይከፍትም። የሞተ ጣት አይቀበልም። ያን ጊዜ በሕይወት ነበር።»

የኔነሽ በበሩ ወደ ውጭ አየች። ጤና ጣቢያው ከመንገዱ ማዶ ነው።

ብርቱካን ባሏን ክንዱን ይዛ ወደ በሩ ጎተተችው። «ና፣ እንሂድ። ተወው አንተ ሰው።»

አወቀ አልተንቀሳቀሰም።

«ጣቱን ስትይዘው ሙሉዓለም ተናገረ?» አለው ይግዛውን።

ይግዛው ወደ ካቴናው አቀረቀረ።

«ልጁ ተናገረ ወይ ነው የምልህ!»

«‹ውሃ› አለኝ» አለ ይግዛው።