የተተረተረ ስፌት

«ዛሬ ዕለቱ ምንድን ነው አባት?»

«ሐሙስ!» አለ አጎቷ።

የተጠየቁት ከጎኑ የተቀመጡት አያቷ ነበሩ። ሐኪሙ ግን ማን እንደመለሰለት ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ ጻፈ። አንዱ ሳይጠየቅ ይመልሳል፣ ሌላው ሳያይ ይጽፋል። አሪፍ ተገናኝተዋል አለች አብራቸው የመጣችው የልጅ ልጅ በልቧ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆኑት?»

«ኧረ ቆየ! ሁለት ዓመት አልፎታል። ያው እርጅና ያመጣው የመርሳት በሽታ ነው ዶክተር፤ ምልክቱን በደንብ አንብቤዋለሁ።»

ቀደዳውን ጀመረ። ይህን አጎቷን ቤተሰቡ እሱ በሌለበት «ፕሮፌሰሩ» ይለዋል፤ ሥራው የግድግዳ ቀለም መሸጥ ነው። አባቱን የሚጠይቀው በዓመት ሁለቴ ነው፣ ያውም ቆሞ። ሁለት ዓመት ያለውም ያኔ አንድ ቀን አያቷ ስፒል በከንፈራቸው ይዘው፣ ከሥራቸው ቀና ሳይሉ በታናሽ ወንድሙ ስም ስለጠሩት ነው፤ ሰሞኑን ሊጠይቃቸው ሲመጣ ደግመው ስለሳቱት ሐኪም ዘንድ አመጣቸው። አምስት ልጅ ያሳደገ ሰው ስም ሲያምታታ በሽተኛ ከተባለማ ማን ጤነኛ ሊቀር ነው?

እውነቱ አሥር ሳምንት ነው። ከዚያ በፊት አያቷ የደንበኞቻቸውን ሁሉ ልክ በቃላቸው የሚያውቁ ልብስ ሰፊ ነበሩ። መጀመሪያ መቀስ ከእጃቸው ይወድቅ ጀመር። ቀጥሎ ክንዳቸው ሳያዙት ድንገት ይፈናጠር፣ ሲራመዱም ከበሩ መቃን ጋር ይጋጩ ጀመር። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ነው። እርጅና እንዲህ ይሮጣል እንዴ?

ይህን ከእሷ በቀር ማንም አያውቅም፤ የደበቀችው ራሷ ናትና። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሱቁን ላጽዳ ብላ ትቀርና የተጣመመ ስፌታቸውን ተርትራ እንደገና ትሰፋዋለች። ያስተማሯት እሳቸው ስለሆኑ ማንም አልለየውም። ትናንት አንድ ደንበኛ ሱሪውን ለክቶ ሲያመሰግናቸው «አየሽ፣ እጄ አልከዳኝም» ብለው እንደ ልጅ ሳቁ።

«ይህን ኪኒን በየቀኑ ይውሰዱ። ከስድስት ወር በኋላ ይምጡ።» ሐኪሙ ወረቀቱን ለአጎቷ ዘረጋ።

ስድስት ወር! በአሥር ሳምንት መቀስ የቀማቸው ነገር በስድስት ወር ምን ሊተውላቸው ነው? አጎቷን ናቀችው። ሐኪሙንም ናቀችው። የባሰችው ግን እሷ ነበረች፤ እነሱ ሳያውቁ ነው፣ እሷ እያወቀች ዝም ብላለች።

«ሁለት ዓመት አይደለም፤ አሥር ሳምንት ነው» አለች።

«አንቺ! ትልቅ ሰው ሲያወራ ምን ጥልቅ ያደርግሻል? ልጅ ናት ዶክተር፣ አይፍረዱባት።»

ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። «አሥር ሳምንት ከሆነ ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ እምብዛም የማያጋጥም ዓይነት። ጭንቅላታቸው በመሣሪያ መታየት አለበት። እርግጠኛ ነሽ? በምን አወቅሽ?»

አያቷ እያዩአት ነበር። «እንጃ» ብትል ይቀላል። እሳቸውም እጃቸውን እንዳመኑ ወደ ቤት ይመለሳሉ።

ወንበሯን ወደ እሳቸው አዞረች።

«አባባ፣ የትናንቱን ሱሪ ተርትሬ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከሱ በፊት የነበሩትንም።»

አያቷ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ትንሽ ጠበቀቻቸው፤ አልዞሩም። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ዞራ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምራ ትነግረው ጀመር።